ማዳም ኩሪና ደሟን የጎዳው ጨረር

የማዳም ኩሪ ስም በየትምህርት ቤቱ የታወቀ ነው። ራዲየም የሚባለውን ንጥረ ነገር ከባሏ ጋራ ሆና ያገኘች፤ የኖቤልን ሽልማት ሁለት ጊዜ የተቀበለች፤ በፓሪስ ዩኒቨርሲቲ ከሴቶች ሁሉ በፊት የፕሮፌሰርነት ወንበር የያዘች እርሷ መሆኗን ብዙ ተማሪ ያውቃል። እንዴት እንደ ሞተች ግን የሚጠይቅ ጥቂት ነው። የጠየቀም እንደ ሆነ ብዙውን ጊዜ በደም ካንሰር ሞተች የሚል መልስ ያገኛል። ይህ መልስ ልክ አይደለም። በደም ካንሰር የሞተችው ልጅዋ ናት። እናቲቱን የገደላት ሌላ የደም በሽታ ነው። ሆኖም ሁለቱም በሽታዎች የሚነሡት ከአንድ ስፍራ፣ ከአጥንት መቅን ውስጥ ነውና የእናትና የልጅ ታሪክ ሊለያይ አይችልም። ሰው እንጀራውን ከሚያገኝበት የሥራ ቦታ ወደ ደሙ ምን ሊገባ እንደሚችል የሰው ልጅ ቀስ በቀስ የተረዳው እንደ እነርሱ ባሉ ሠራተኞች ሕይወት ስለ ሆነ፣ የዚህችን ሴት ታሪክ በዚህ በኩል ተመልክተን ለአንባቢዎቻችን እንተርካለን። በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ማርያ ስክሎዶቭስካ በኖቬምበር 7 ቀን 1867 በዋርሶ ከተማ ተወለደች። በዚያን ጊዜ ፖላንድ በሦስት መንግሥታት ተከፋፍላ ሳለ ዋርሶ በመስኮብ ንጉሠ ነገሥት ግዛት ሥር ነበረች። አባቷ የፊዚክስና የሒሳብ አስተማሪ ነበር። እናቷ የልጃገረዶች ትምህርት ቤት ታስተዳድር ነበር፤ ነገር ግን ቲቢ በሚባለው የሳምባ በሽታ ታማ፣ ማርያ ገና አሥር ዓመት ሲሆናት ሞተች። በአገሩ ሴት ልጅ ዩኒቨርሲቲ እንድትገባ ስላልተፈቀደ፣ ማርያና ታላቅ እኅቷ ብሮንያ ቃል ተጋቡ፤ ይኸውም ታናሺቱ ሠርታ ታላቂቱን በፓሪስ ሕክምና እንድታስተምር፣ ታላቂቱም በተራዋ ታናሺቱን ወደዚያ እንድትጠራ ነው። በዚህ ቃል መሠረት ማርያ በሰው ቤት የልጆች አስተማሪ ሆና ዓመታት ካሳለፈች በኋላ በ1891 ፓሪስ ገባች። ከጣራ ሥር በምትገኝ ጠባብ ክፍል ብርድ እየፈጃት፣ አንዳንድ ቀን ዳቦና ሻይ ብቻ እየቀመሰች ተማረች። በ1893 በፊዚክስ ፈተና አንደኛ፣ በ1894 በሒሳብ ሁለተኛ ሆና አለፈች። ስሟም እንደ ፈረንሳዮች አጠራር ማሪ ሆነ።

በዚያው በ1894 ፒየር ኩሪን ተዋወቀች። እርሱ ዝምተኛ፣ ለሹመትም ለገንዘብም ደንታ የሌለው ሊቅ ነበር። ከወንድሙ ጋራ ሆኖ እጅግ ጥቂት የሆነውን የኤሌክትሪክ ኃይል የሚለካ መሣሪያ ሠርቷል፤ ይህም መሣሪያ በኋላ ለማሪ ትልቅ ጉዳይ ፈጽሞላታል። በጁላይ 1895 ሲጋቡ ድግስ አልነበረም። በስጦታ ባገኙት ገንዘብ ሁለት ቢስክሌት ገዝተው ገጠር ለገጠር ሲዘዋወሩ ሰነበቱ። በ1897 ኢሬን የተባለችው የመጀመሪያ ልጃቸው ተወለደች።

ጊዜው አዲስ ነገር የተገለጠበት ጊዜ ነበር። በ1895 መጨረሻ ሮንትገን የተባለው የጀርመን ሊቅ ሥጋን አልፎ አጥንትን የሚያሳየውን ጨረር፣ ዛሬ በየሆስፒታሉ ራጅ የምንለውን አገኘ። በ1896 ደግሞ ፈረንሳዊው ቤክሬል ዩራኒየም የተባለው ንጥረ ነገር ማንም ሳይነካው ከራሱ ጨረር እንደሚያወጣ ተመለከተ። ማሪ ለዶክትርናዋ ይህንን የዩራኒየም ጨረር ለመመርመር ቈረጠች። በባሏ መሣሪያ ስትለካ አንድ የሚያስገርም ነገር አየች። ዩራኒየም የሚወጣበት ፒችብሌንድ የሚባለው ጥቁር ድንጋይ፣ በውስጡ ካለው ዩራኒየም ሊወጣ ከሚገባው ይልቅ ብዙ ጨረር ይሰጣል። እንግዲያውስ በድንጋዩ ውስጥ ማንም ያላወቀው ሌላ ነገር መኖር አለበት አለች። ፒየር የራሱን ምርምር ትቶ ተጨመረላት። በጁላይ 1898 የመጀመሪያውን አገኙና ለአገሯ መታሰቢያ ፖሎኒየም ብለው ሰየሙት። በዲሴምበር ወር ሁለተኛውን አገኙ፤ እርሱም ራዲየም ተባለ።

ማግኘት ማለት ግን በመሣሪያ ምልክቱን ማየት ነው እንጂ ነገሩን በእጅ መያዝ አይደለም። የኬሚስትሪ ሊቃውንት ራዲየምን ለይታችሁ፣ መዝናችሁ አሳዩን አሉ። ፒየር ያስተምርበት በነበረው ትምህርት ቤት ግቢ፣ ቀድሞ የሕክምና ተማሪዎች ሬሳ ይመረምሩበት የነበረ አንድ ደሳሳ ቤት ተሰጣቸው። ጣራው የመስተዋት ሆኖ ዝናብ ያስገባል፤ በበጋ እንደ ምድጃ ይግላል፤ በክረምት ያንቀጠቅጣል። ዮአኪምስታል ከሚባለው የቦሄሚያ ማዕድን ዩራኒየሙ ወጥቶለት የተጣለ አፈር በጆንያ ተጭኖ መጣላቸው፤ የጥድ ቅጠል ሳይቀር ተደባልቆበት ነበር። ማሪ ሃያ ሃያ ኪሎ እያደረገች በትልቅ ድስት ታፈላዋለች፤ ቁመቷን በሚያህል የብረት ዘንግም ቀኑን ሙሉ ታማስላለች። መርዘኛው ጢስ የሚወጣበት መንገድ ስላልነበረ አየሩ ደኅና በሆነ ቀን ደጅ አውጥታ፣ ዝናብ ሲመጣ ወደ ውስጥ መልሳ መስኮቱን ከፍታ ትሠራለች። እንዲህ ሆና በ1902 ከብዙ ቶን አፈር ያወጣችው ራዲየም የአንድ ግራም አሥረኛ ብቻ ነበር። ክብደቱንም ለክታ ለሊቃውንቱ ሰጠች።

ባልና ሚስቱ ማታ ከእራት በኋላ ወደዚያ ደሳሳ ቤት እየተመለሱ በጨለማው ውስጥ ይቆሙ ነበር። በየመደርደሪያው ያሉት ትንንሽ ብልቃጦች ሰማያዊ ብርሃን ይሰጣሉ። ማሪ ይህንን ብርሃን እስከ ዕድሜዋ መጨረሻ በደስታ ታስታውሰው ነበር። ጣቶቻቸው ግን ቈስለው፣ ጫፋቸውም ደርቆ ይላጥ ነበር። ፒየር ይህ ቁስል ከየት እንደ መጣ ለማወቅ ሲል ራዲየም በክንዱ ላይ አሥር ሰዓት አስሮ ዋለ፤ ቆዳው እንደ እሳት ተቃጠለ፤ ለመዳንም ወራት ፈጀበት። ቤክሬልም ራዲየም ያለበትን ብልቃጥ በሰደርያው ኪስ ይዞ በመዋሉ እንደዚሁ ተቃጥሎ ነበርና፣ በ1901 ሁለቱ አብረው ጉዳዩን ለሳይንስ አካዳሚ ገለጡ። ሐኪሞች ይህን ሰምተው ጤነኛውን ሥጋ የሚያቃጥል ከሆነ ካንሰሩንም ያቃጥላል በማለት ለሕክምና አዋሉት፤ በእውነትም ብዙ ሰው ጠቅሟል።

አንድ ነገር ግን በዚህ ላይ መታወስ አለበት። በ1904 ፒየር ከሁለት ሐኪሞች ጋራ ሆኖ ከራዲየም የሚወጣውን ጋዝ አይጦችና ሌሎች ትንንሽ እንስሳት እንዲተነፍሱት አደረገ። እንስሳቱ በሰዓታት ውስጥ ሞቱ። ሲመረመሩም ሳምባቸው ደም ቋጥሮ፣ ነጭ የደም ሕዋሳታቸውም ተለውጦ ተገኘ። እንግዲህ ጨረር ደምን እንደሚነካ የሚናገር ማስረጃ በራሳቸው እጅ ነበረ ማለት ነው። ቆዳን የሚያቃጥለውን ነገር ሁሉም ያየዋል፤ ደም ውስጥ የሚሠራው ግን አይታይም፣ አያምምም፣ ዓመታትም ይቆያል። ፒየር እግሩን ሲቈረጥመውና ሌሊት ሲያቃስት ቁርጥማት ነው ይባል ነበር። ማሪም ሰውነቷ ሲከሳና ሲደክማት የሥራ ብዛት ነው ትል ነበር። በ1903 የበጋ ወር ጽንስ አስወረዳት። በዚያው ዓመት መጨረሻ ከቤክሬል ጋራ የፊዚክስ ኖቤል ሲሸለሙ ሁለቱም ሕመም ይዞአቸው ወደ ስቶክሆልም ለመሄድ አልቻሉም።

በ1904 ኤቭ የተባለችው ሁለተኛ ልጃቸው ተወለደች። በአፕሪል 19 ቀን 1906 ፒየር በዝናብ የፓሪስን መንገድ ሲያቋርጥ በፈረስ የሚሳብ ከባድ ጋሪ ጨፍልቆ ገደለው። ማሪ የ38 ዓመት ሴት ሆና ከሁለት ሕፃናት ጋራ ቀረች። ዩኒቨርሲቲው የባሏን ወንበር ሰጣት፤ በኖቬምበር ወር ገብታ ባሏ ካቆመበት ትምህርቱን ቀጠለች። በ1911 የፈረንሳይ ሳይንስ አካዳሚ በጥቂት ድምፅ ልዩነት አባል እንዳትሆን ከለከላት፤ በዚያው ዓመት የኬሚስትሪ ኖቤል ብቻዋን ተቀበለች። ይህን ሁሉ ብዙ መጻሕፍት በሰፊው ስለሚተርኩት በዚህ እንለፈውና ወደ ጦርነቱ ዘመን እንምጣ፤ ስለ ሞቷ የሚነሣው ክርክር የሚጀምረው ከዚያ ነውና።

በ1914 ታላቁ ጦርነት ሲነሣ በስሟ የተሠራው የራዲየም ኢንስቲትዩት ሕንጻ ገና መጠናቀቁ ነበር። ወንዶቹ ሁሉ ዘመቱ። ማሪ በጦር ግንባር ላይ ቁስለኛው ጥይቱ የት እንዳለ ሳይታወቅ እንደሚቀደድ ሰማች። የራጅ መሣሪያ በአውቶሞቢል ላይ አስጭና፣ ኤሌክትሪኩን ከመኪናው ሞተር እያገኘች ወደ ግንባር ሄደች። እንዲህ ያሉ ወደ ሃያ የሚሆኑ መኪናዎችን አሰናዳች፤ ወታደሮቹም ትንንሽ ኩሪዎች አሏቸው። ከዚህም ሌላ 200 የሚሆኑ የራጅ ክፍሎች በየሆስፒታሉ አቆመች። መኪና መንዳት ተማረች፤ ጎማ ትቀይራለች፤ ብዙ ሴቶችንም የራጅ ሥራ አስተማረች። ልጅዋ ኢሬን አሥራ ሰባት ዓመት ሲሆናት አብራት ገባች። በጦርነቱ ዘመን በእነዚህ መሣሪያዎች የታዩት ቁስለኞች ከአንድ ሚሊዮን በላይ እንደ ነበሩ ይገመታል።

ዛሬ ራጅ ለመነሣት ሆስፒታል የሄደ ሰው ሠራተኛው ቁልፉን ከመጫኑ በፊት ከግድግዳ በስተኋላ ሲሸሸግ ሳያይ አልቀረም። በዚያን ዘመን እንዲህ ያለ ግድግዳ በመኪና ላይ አልነበረም። እናትና ልጅ የጨርቅ ጓንት አድርገው፣ አንዳንድ ጊዜም ትንሽ የብረት ከለላ አቁመው፣ ከበሽተኛው አጠገብ ቆመው ነበር የሚሠሩት። ሐኪሙ ጥይቱን ሲያወጣ ጨረሩ እየበራ ይቆያል። ቁስለኛው ጨረሩን ያገኘው አንድ ቀን ነው፤ እነርሱ ግን አራት ዓመት ሙሉ።

ከጦርነቱ በኋላ ራዲየም የዓለም ፋሽን ሆነ። ነጋዴዎች በውኃም በቅባትም እየጨመሩ ለጤና መድኃኒት ነው ብለው ሸጡት። በ1921 የአሜሪካ ሴቶች ገንዘብ አዋጥተው 100,000 ዶላር የሚያወጣ አንድ ግራም ራዲየም ለማዳም ኩሪ ሲያበረክቱ፣ ፕሬዚዳንት ሃርዲንግ በራሱ እጅ አስረከባት። በዚያችው አገር በኒው ጀርሲ ግዛት ግን ወጣት ሴቶች በጨለማ የሚያበራ የሰዓት ቁጥር በራዲየም ቀለም ይቀቡ ነበር። ብሩሹ ጫፉ እንዲሾል በከንፈራቸው ያሾሉታል፤ እንዲህም ሲያደርጉ ራዲየሙን ይውጡታል። መንጋጋቸው እየበሰበሰ፣ ደማቸው እያለቀ ይሞቱ ጀመር። አምስቱ ኩባንያውን ከሰሱና በ1928 በእርቅ ካሣ ተከፈላቸው።

በፈረንሳይም በጃንዋሪ 1925 ለሕክምና የሚሆን ጨረራማ ንጥረ ነገር ያዘጋጁ የነበሩ ሁለት መሐንዲሶች በጥቂት ቀናት ልዩነት ሞቱ። አንደኛው በከባድ የደም ማነስ፣ ሁለተኛው በደም ካንሰር ነው። ከመካከላቸው አንደኛው በማዳም ኩሪ ዘንድ የሠራ ነበር። ይህ ነገር ደጇ ድረስ መጣባት። በኢንስቲትዩቱ የእርሳስ ብረት ከለላ እንዲቆም፣ ብልቃጥ በወረንጦ እንጂ በእጅ እንዳይነካ፣ የሠራተኛው ሁሉ ደም በየጊዜው እንዲመረመር አዘዘች። ደሙ የቀነሰበትን ሠራተኛ ወደ ገጠር ሄዶ ንጹሕ አየር እንዲያገኝ ትልከው ነበር። ራሷ ግን፣ ልጅዋ ኤቭ በጻፈችው መጽሐፍ እንደ መሰከረችው፣ ለሌላው ያወጣችውን ደንብ አትጠብቅም ነበር። ብልቃጡን በባዶ እጇ ታነሣለች፤ የደም ምርመራውንም ብዙም አትቀርብም። ልጅ አድርጋ ያሳደገችው ራዲየም ሰው ይገድላል ብሎ ማመን ከብዷት ይሆን ብለን እንገምታለን። እንዲሁም ደግሞ ከሰላሳ ዓመት በላይ በጨረር መካከል እየሠራች በሕይወት መኖሯ ሳያዘናጋት አልቀረም።

እዚህ ላይ ስለ መቅን ጥቂት እንናገር። በአጥንታችን ውስጥ ያለው ለስላሳው መቅን ቀንና ሌሊት ደም የሚሠራ ፋብሪካ ነው። አየር የሚሸከሙት ቀይ ሕዋሳት፣ በሽታ የሚከላከሉት ነጭ ሕዋሳት፣ ደም የሚያረጉትም ሁሉ ከዚያ ይወጣሉ። ሕዋሳቱ በፍጥነት ስለሚራቡ ጨረር ከሌላው አካል ይልቅ እነርሱን ይጎዳል። ጉዳቱ ሁለት መንገድ አለው። ጨረሩ የመቅኑን ሕዋሳት ፈጽሞ የገደላቸው እንደ ሆነ ፋብሪካው ይዘጋል፤ ሰውየው ደም አጥቶ ይሞታል። ሕዋሱ ሳይሞት ጠባዩ ብቻ የተበላሸ እንደ ሆነ ግን ሥርዓት በሌለው አኳኋን እየተራባ ጤነኛውን ደም ያፍነዋል። ሉኪሚያ የሚባለው የደም ካንሰር ይህ ነው። ሁለተኛው ጨረሩ ከነካ በኋላ ዓመታት ቆይቶ ስለሚመጣ፣ ሰው በሽታውንና የቀድሞ ሥራውን አገናኝቶ ለማሰብ ይቸገራል።

ማዳም ኩሪ ዓይኗ በሞራ ተጋርዶ ደጋግማ ቀዶ ሕክምና ተደረገላት፤ ጆሮዋም ይጮኽባት ነበር። በሜይ 1934 አንድ ቀን ትኩሳት ይዞአት ከቤተ ሙከራዋ ወጣች፤ ከዚያ ወዲያም አልተመለሰችም። የፓሪስ ሐኪሞች እንደ እናቷ የሳምባ በሽታ ይሆናል ብለው ሳንሴልሞዝ ወደሚባለው የተራራ ሐኪም ቤት ላኳት። በዚያ በራጅ ሲታይ ሳምባዋ ደኅና ነበር። ከዠኔቭ የተጠራው ፕሮፌሰር ግን ደሟን አይቶ ነገሩን ተረዳ፤ ቀይና ነጭ ሕዋሳቷ በየቀኑ እያለቁ ነበርና። በጁላይ 4 ቀን ጎሕ ሲቀድ በ66 ዓመቷ ሞተች። የሐኪም ቤቱ ዋና ሐኪም መቅኗ ደም መሥራት እንዳቆመ፣ ይህም ለብዙ ዓመታት በተጠራቀመ ጨረር ሳይሆን እንዳልቀረ ጻፈ። በዚያው ዓመት በዙሪክ የተሰበሰበው ዓለም አቀፍ ኮሚቴ የጨረር ሠራተኛ በቀን ከ0.2 ሮንትገን በላይ እንዳያገኝ ሲል ወሰነ። ይህ በዓመት ሲደመር ዛሬ ከሚፈቀደው ከሃያ እጥፍ በላይ ይሆናል፤ ሆኖም መጀመሪያ ነበር።

ከመሞቷ በፊት አንድ ደስታ አግኝታለች። በጃንዋሪ 1934 ኢሬንና ባሏ ፍሬደሪክ ዦልዮ ጨረር የማይሰጠውን ንጥረ ነገር ጨረር እንዲሰጥ ማድረግ ቻሉ። አዲሱን ነገር በትንሽ ብልቃጥ አድርገው ሲያሳዩአት፣ እናቲቱ በጨረር በተቃጠሉት ጣቶቿ ይዛ መለኪያው አጠገብ አቅርባ ድምፁን ሰማች። ለዚህ ሥራ ባልና ሚስቱ በ1935 ኖቤል ሲሸለሙ እርሷ አልነበረችም። ኢሬን በእናቷ እግር ተተክታ ስትሠራ ኖረች። በማርች 17 ቀን 1956 በ58 ዓመቷ በሉኪሚያ ሞተች።

እስከዚያ ድረስ ማስረጃው በዝቶ ነበር። በ1944 አንድ የአሜሪካ ሐኪም የሟች ሐኪሞችን መዝገብ ሲያገላብጥ፣ የራጅ ሐኪሞች ከሌሎቹ በብዙ እጥፍ በሉኪሚያ እንደ ሞቱ አገኘ። ከሂሮሺማና ከናጋሳኪ ቦምብ የተረፉትም በጥቂት ዓመታት ውስጥ በዚሁ በሽታ ይያዙ ጀመር። በ2015 የወጣ አንድ ትልቅ ጥናት ደግሞ በፈረንሳይ፣ በእንግሊዝና በአሜሪካ ከ300,000 በላይ የኑክሌር ሠራተኞችን መርምሮ፣ በየዓመቱ በጥቂት በጥቂቱ የሚጠራቀም ጨረር እንኳ የሉኪሚያን አደጋ ከፍ እንደሚያደርግ አሳይቷል።

ነገሩም በጨረር ብቻ አይወሰንም። ከድንጋይ ከሰልና ከነዳጅ ዘይት የሚወጣው ቤንዚን የተባለው ኬሚካል ለጫማ ማጣበቂያና ለቀለም ማቅጠኛ ያገለግል ነበር። ይህ ለመኪና የምንቀዳው ነዳጅ ቤንዚን አይደለም፤ ስሙ ቢመሳሰልም ሌላ ነገር ነው፣ ምንም እንኳ ጥቂቱ በነዳጁ ውስጥ ቢገኝም። ትነቱን የሚተነፍስ ሠራተኛ መቅኑ እንደ ጨረር ሠራተኛው ይጎዳል፤ አንዳንዱ ደም ያጣል፣ አንዳንዱም በሉኪሚያ ይያዛል። በ1928 ሁለት የፈረንሳይ ሐኪሞች ስለዚህ ጽፈው ነበር። በኢስታንቡል በጠባብ ክፍል የሚሠሩ ጫማ ሰፊዎች በሉኪሚያ ማለቃቸው በጥናት የተረጋገጠው ግን በ1970ዎቹ ነው። ሃምሳ ዓመት ያህል የዘገየበት ምክንያት ዕውቀት በመጥፋቱ ብቻ አይመስለንም፤ ማጣበቂያው ርካሽ ነበር።

በአፕሪል 1995 የማሪና የፒየር አጽም ከሶ መቃብር ወጥቶ የፈረንሳይ ታላላቅ ሰዎች ወደሚያርፉበት ወደ ፓንቴዎን ተዛወረ። የፈረንሳይና የፖላንድ ፕሬዚዳንቶች በሥነ ሥርዓቱ ላይ ተገኙ። መቃብሩ ከመከፈቱ በፊት የአገሩ የጨረር መከላከያ መሥሪያ ቤት ባለሙያዎች ሠራተኞቹ እንዳይጎዱ ብለው መሣሪያ ይዘው ቀርበው ነበር። የማሪ ሬሳ ሣጥን ከእንጨቱ ሥር በእርሳስ ብረት ተለብጦ ተገኘ። በውስጡ የተለካው የራዲየም ጨረር ሰው ከጠበቀው ያነሰ ነበር። ባለሙያዎቹም ይህን አይተው፣ መቅኗን የገደለው ሕይወቷን ሁሉ የሰጠችው ራዲየም ሳይሆን፣ በጦርነቱ ዘመን ያለ ከለላ የሠራችበት የራጅ መሣሪያ መሆኑ ይበልጥ የሚመስል ነው አሉ።